ባንዱ የት ይጫወት?

አዲስ አበባ ማታ ማታ አምሮባታል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ፒያሳና አራት ኪሎ የሚንሸራሸር ቤተሰብ ማየት አሁን ብርቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። “የምሽት ኢኮኖሚ” የሚባለው ነገር በየስብሰባው ይነሳል።

በዚያው ዓመት ካዛንቺስ ፈረሰ። ፈንድቃ የተባለው የአዝማሪ ቤትም አብሮ ፈረሰ።

ሁለቱ ነገሮች የሚወሩት ለየብቻ ነው። አንዱ በልማት ዜና፣ ሌላው በኪነጥበብ ወሬ። እኔ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው ባይ ነኝ። ከተማዋ ምሽቷን እያስረዘመች ነው፤ የምታስረዝመው ግን እስከ 3:30 ያለውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንድ መድረክ ላይ የሚወጣው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ሙዚቀኛው ገና ጊታሩን እየቃኘ ነው። ለሱቁ ደንብ ወጥቶለታል። ለሙዚቀኛውስ ማን አሰበለት?

የቀጥታ ሙዚቃ ቤት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው መጠጥና ጭፈራ ነው። መጠጡም ጭፈራውም አለ። ነገር ግን ሙዚቃችን የተሠራው፣ ዘፋኞቻችን የተፈተኑት፣ ባንዶቻችን የተዋሃዱት በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው። ቤቱ ሲጠፋ የሚጠፋው መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያ የሚወጣበት ቦታ ነው።

እስቲ ከፈንድቃ እንጀምር። ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሳ ካዛንቺስ የአዝማሪ ሰፈር ሆነ። ማታ በዚያ ያለፈ ሰው ከየበሩ ማሲንቆ ይሰማ ነበር። ፈንድቃ ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ነው። መላኩ በላይ እዚያ ለዓመታት በሽልማት ብቻ እስክስታ ሲመታ ኖሮ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ያዘው። ከዚያ በኋላ ቤቱ አዝማሪ ቤት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሥዕል የሚታይበት፣ ግጥም የሚነበብበት፣ ጃዝ የሚደመጥበት የባህል ማዕከል ሆነ። ኢትዮከለር የተባለው ቡድን ከዚያች ክፍል ተነስቶ አውሮፓና አሜሪካ መድረኮች ላይ ወጣ። ፈረንሳይም ለመላኩ የኪነጥበብና የሥነጽሑፍ ኒሻን ሰጠችው።

አዝማሪ ቤት ጠባብ መሆኑ ጉድለት አይደለም። ሥራው ራሱ ጠባብ ቤት ይፈልጋል። አዝማሪው በመቀመጫዎቹ መሀል ይዞራል። ፊትህን ያያል፣ አለባበስህን ያያል፣ አብራህ የመጣችውን ያያል። ስምህን ጠይቆ ግጥም ያወርድብሃል። አንተም ስንኝ ካለህ “ተቀበል!” ትላለህ። ቃሉን ትሰጠዋለህ፤ እሱ በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚስቀው ቃሉን አንድ በአንድ ከሰማ ነው። ሰምና ወርቅ 500 ሰው በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ አይሠራም። ሰሙ እንደምንም ይደርሳል፣ ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፈንድቃ ሞተ ማለቴ አይደለም። መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ገብቶ ሥራውን ቀጥሏል። ሆቴሉ በሩን መክፈቱ የሚያስመሰግን ነው። ያም ሆኖ ባለ ኮከብ ሆቴል ሌላ ዓለም ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፣ የሆቴል ዋጋ አለ፣ “እኔ እዚህ ልገባ?” የሚል መሸማቀቅ አለ። ካዛንቺስ እያለ የሰፈሩ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ይገባ ነበር። በጉርሻ ሊጨፍር የመጣ የ18 ዓመት ልጅም ይገባ ነበር። መላኩ ራሱ በዚያ በር ነው የገባው።

እነዚህ ቤቶች ካዛንቺስ፣ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የበዙት ለምንድነው? ማንም በፕላን “ይህ የሙዚቃ ሰፈር ይሁን” ብሎ አላስቀመጠውም። ዋናው ምክንያት ኪራይ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ የመጣው የቀበሌ ቤት ለአሥርት ዓመታት ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል ቤት ሆኖ ቆየ። ግሮሰሪው፣ ጠጅ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ አዝማሪ ቤቱ በብዛት በመሀል ከተማ በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው ያደገው። ኪራዩ ትንሽ ሲሆን ባለቤቱ ድፍረት ያገኛል። ማክሰኞ ማታ 20 ሰው ብቻ ለሚሰማው ሙዚቃ መድረክ ይሰጣል። ኪራዩ ሲከብድ ማክሰኞም እንደ ቅዳሜ መሸጥ አለበት። ያኔ መጀመሪያ የሚቀነሰው ያልታወቀው ሙዚቀኛ ነው።

ርካሹ ቤት ግን መዘዝም ነበረው። ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለህም። ሰፈሩ ሲፈርስ ምትክ ቤት ልታገኝ ትችላለህ። ለ20 ዓመት የለመደህን ደንበኛ፣ በር ላይ የሚያውቅህን ባለታክሲ፣ ከጎንህ ያለውን ቁርጥ ቤት ምትክ አድርጎ የሚሰጥህ የለም። ክለብ ደግሞ ብቻውን አይኖርም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሱ የፈረሰው ቤት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ የሚያመሽበት ሰፈርም አብሮ ሄደ። አሁን የምሽት ቤቶች ቦሌ፣ አትላስ፣ 22፣ ገርጂ ላይ ተበታትነዋል። ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ራይድ መጥራት ግድ ነው።

ወደ ኋላ ሄደን እነዚህ ክፍሎች ምን እንደሠሩልን እንይ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማሕሙድ አሕመድ አሪዞና በተባለ ክለብ የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚያመሹት እዚያ ነው። አንድ ማታ ዘፋኙ ቀረ። ማሕሙድ “እኔ ልዝፈን” ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አስቴር አወቀም ካሴት ከማውጣቷ በፊት የተፈተነችው አዲስ አበባ ክለቦች ውስጥ ከባንዶች ጋር ስትዘፍን ነው። ኢቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ነበር። ዋልያስ ሂልተን ነበር። ያኔ ባንድ የሆቴል ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ የሚለማመድበት ክፍል አለው፣ በሳምንት አብዛኛውን ሌሊት ይጫወታል። ያ ሁሉ ውህደት፣ ትንፋሽና ቤዙ አንድ ላይ የሚተነፍሱበት ድምፅ፣ በስቱዲዮ ብቻ አይመጣም። ሌሊት ሌሊት አብሮ ከመጫወት ነው የሚመጣው። በኅዳር 1966 አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር መድረክ የተጋራው እንዲህ ዓይነት ሌሊት ባላት ከተማ ውስጥ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። አምሃ እሸቴ፣ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ የመሠረተው ሰው፣ በ1967 አገሩን ለቆ ወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነድቷል። እዚህ የቀሩት መጫወት አላቆሙም። ሰዓት እላፊው ከመግባቱ በፊት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይዘጋበት ነበር፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ሆኖም ወደ 17 ዓመት የሚጠጋ የታሰረ ሌሊት ዋጋ አስከፍሏል። ሌሊቱ ሲፈታ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹ ተበትነው ነበር። ሦስት አራት ትንፋሽ ይነፋበት የነበረውን ቦታ አንድ ኪቦርድ ያዘው። ርካሽ ነበር፣ ለባለቤቱም ተመቸው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ማሳተም ሲጀምር ዓለም የወደደው ግን ያንኑ የድሮውን የትንፋሽ ድምፅ ነው።

ጃዝአምባ ይህን ለመመለስ ከሞከሩት ቤቶች አንዱ ነበር። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ፣ ጣሪያው ከፍ ባለ አሮጌ አዳራሽ። አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ማንዶሊኑንና አኮርዲዮኑን ይዞ እዚያ ሲጫወት ወጣቱ አያቱ የጨፈሩበትን ዜማ በአካል ሰማ። በጥር 2007 ሆቴሉ ላይ በተነሳው ቃጠሎ አዳራሹ ወደመ። ያ ክፍል በነበረበት ዓይነት ዳግም አልተተካም። ይኼን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ክለብ እንዴት ይኖራል? አብዛኛው ቤት ከመግቢያ ሳይሆን ከመጠጥ ነው የሚኖረው። ባንዱ የሚከፈለው ከቢራና ከውስኪ ትርፍ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ውስኪው ተሰቀለ፣ የድምፅ ማጉያው ተሰቀለ፣ የጊታር ክሩ ሳይቀር ተሰቀለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ቀድሞ የመጠጡን ዋጋ ከፍ አድርጎታል። የደንበኛው ደመወዝ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። ሁለት ቢራ ይጠጣ የነበረው አንድ ይጠጣል፤ አንድ ይጠጣ የነበረው ቤቱ ይቀራል። ባለቤቱ ሂሳቡን ሲሠራ ድራም፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን እና ሦስት ድምፃዊ አንድ ወገን፣ ላፕቶፕ የያዘ ዲጄ ሌላ ወገን ይሆናል። ዲጄን አልንቅም፤ የራሱ ጥበብ አለው። ምርጫው ግን በጥበብ አይደለም የሚወሰነው።

ድምፃዊው በአንድ ቤት ደመወዝ አይኖርም። በአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ክለብ ይዞራል። እዚህ በትዝታ ይከፍታል፣ እዚያ በጉራግኛ ይዘጋል፣ መሀል ላይ በመኪና ይሮጣል። ቀሪውን የሚሞላው ሽልማት ነው። ደንበኛው ተነስቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ባህሉ ያምራል፤ ፍቅርም ነው። ዋና ደመወዝ ሲሆን ግን ዘፋኙን ይጎትተዋል። የሚሸልመው ጠረጴዛ የሚወደውን ይዘፍናል። አዲስ ዘፈን የሚሸልመው ስለሌለ አዲስ ዘፈን አይሞከርም። ክለቦቻችን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሌላ ሰው ዘፈን የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የዘፈኑ ባለቤትስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ አሰባሰብ መንገድ ተከፍቶለታል። በክለቦች ዘንድ ግን አሠራሩ ሥር አልሰደደም። በየሌሊቱ ዘፈኑ የሚዘፈንለት ገጣሚና የዜማ ደራሲ እቤቱ ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ስልኩ ላይ ምንም አይገባለትም።

አንድ ሌላ የተዘጋ ቧንቧም አለ። የቢራ ፋብሪካዎች ለዓመታት ከኮንሰርት ጀርባ ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከቢልቦርድ አወጣ፤ መጠጥ የሚሸጥበትን ዕድሜም ወደ 21 ከፍ አደረገ። ሕጉን እደግፋለሁ። ልጆቻችን የሚያዩት ማስታወቂያ ሁሉ ቢራ መሆኑ ልክ አልነበረም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ሲቀንስ ቦታውን ማን ይሙላው የሚለውን ያሰበበት አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ኮቪድ መጣ፤ በመጋቢት 2012 የምሽት ክለቦች ተዘጉ። ዕቃውን ሸጦ የወጣ ሙዚቀኛ ብዙ ነው።

ስለ ጩኸት ሳላወራ ባልፍ ጎረቤትን መበደል ይሆንብኛል። ሕፃን ይዛ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የቤዝ ድምፅ ግድግዳዋን የሚነቀንቅባት እናት መብት አላት። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ በመኖሪያ ሰፈር ሌሊት 45 ዴሲቤል፣ በንግድ አካባቢ 55 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ 60 አካባቢ ይደርሳል። ድራም ደግሞ ክፍሉ ውስጥ በቀላሉ 100ን ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው ባንዱ ዝም ይበል አይደለም፤ በክፍሉና በጎረቤቱ መሀል ያለው ልዩነት በምን ይሸፈን ነው።

መልሱ ይታወቃል። ቀጭኑ ድምፅ በቀላል ግድግዳ ይቆማል፤ ቤዝ ግን አይቆምም። እሱን የሚያቆመው ክብደትና ክፍተት ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ በመሀሉ አየር ያለው ሁለተኛ ግድግዳ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ሁለት በር። እኛ ጋ ብዙ ክለብ ያለው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመስታወት በተሸፈነ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሁለቱም ድምፅ ለማፍሰስ የተመቹ ናቸው። ማስተካከያው ውድ ነው። የአንድ ዓመት ኪራይ ውል የያዘ ሰው፣ ነገ ይፍረስ አይፍረስ የማያውቅ ቤት ላይ ያን ያህል ገንዘብ ለምን ያፈሳል? እዚህ ላይ ነው የኪራዩ ነገርና የጩኸቱ ነገር የሚገናኙት። ረጅም ውል ያለው ባለቤት ግድግዳ ይሠራል። አጭር ውል ያለው ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ የዛሬን ይሸጣል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይቀንሳል፣ ሲሄድ ይጨምራል። ጎረቤት ይሰቃያል፣ ቤቱ ይታሸጋል፣ ባንዱ ሥራ ይፈታል።

የእኛ ሰዎች በብዛት በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ የተፈጠረውን ማንሳት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሾው የሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት 9ኛ መንገድ አጠገብ ነው። እዚያ አንድ የሞባይል መሸጫ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበሩ ላይ ጎ-ጎ የተባለውን የከተማዋን ሙዚቃ ያጫውት ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ከተሠራ አዲስ ውድ አፓርታማ ቅሬታ ቀረበና ሙዚቃው እንዲጠፋ ተደረገ። የከተማው ሰው ተቆጣ። በሺዎች መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ሙዚቃው ተመለሰ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጎ-ጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። ዲሲ ከዚያ በፊትም በ2018 እ.ኤ.አ. የምሽት ሕይወትን የሚከታተል ቢሮ በከንቲባዋ ሥር አቋቁማለች። የክለብ ባለቤት፣ ጎረቤትና ፖሊስ ሲጣሉ የሚያነጋግር አካል ማለት ነው።

እንግሊዝ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በፕላን መመሪያዋ ውስጥ አንድ ቀላል ሐሳብ አስገባች። የቆየ የሙዚቃ ቤት ባለበት ቦታ አዲስ አፓርታማ የሚሠራ ሰው፣ ድምፅ መከላከያውን የሚሠራው እሱ ነው። በኋላ የመጣው ወጪውን ይሸከማል። በተቃራኒው በመኖሪያ ሰፈር አዲስ ክለብ የሚከፍት ሰው ግድግዳውን የመሥራት ግዴታ የራሱ ነው። ይህ ለእናቲቱም ለባንዱም ፍትሐዊ ነው። አዲስ አበባ በዚህ ፍጥነት እየተገነባች ባለችበት ሰዓት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም የፕላን ሕግ አይታየኝም።

የሚሠሩት ሰዎች ደኅንነት ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ክለብ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ሲዘጋ ዘፋኟ፣ ተወዛዋዧ፣ አስተናጋጇ፣ ወጥ ቤቷ ወደ ቤት መሄድ አለባቸው። ሚኒባሱ ቆሟል። የራይድ ዋጋ የአንድ ማታ ጉርሻ ይበላል። ብዙዎቹ በውል አይሠሩም፤ አንድ ሰካራም ቢያስቸግራቸው “ደንበኛ ነው፣ ታገሺ” ነው የሚባሉት። አንዳንድ ክለብ ሠራተኞቹን በራሱ መኪና ያደርሳል፤ ይህ የባለቤቱ ደግነት ሳይሆን የፈቃዱ መስፈርት ቢሆን ጥሩ ነው። የምሽት ኢኮኖሚ ብለን ስም የሰጠነው እንጀራ በአብዛኛው በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ላይ ነው ያለው።

ካዛንቺስ ላይ ገና ብዙ ይገነባል። ለዚያ ቦታ ንድፍ የሚሠሩ አርክቴክቶች ሥራ ላይ ናቸው። በጥቂቶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት ውስጥ 100 ወይም 150 ሰው የሚይዝ፣ ወፍራም ግድግዳና ሁለት በር ያለው ክፍል መጨመር ለአንድ ትልቅ ፕሮጀክት የመኪና ማቆሚያ ጥጉን መቁረጥ ነው። ክፍሉ በጨረታ ለከፍተኛ ዋጋ ከሄደ ግን የስልክ ሱቅ ይሆናል። ስለዚህ ለቀጥታ ሙዚቃ ብቻ፣ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ በሚቻል ኪራይ ይሰጥ። በምላሹም በሳምንት የተወሰኑ ሌሊቶች የራሳቸውን አዲስ ሥራ ለሚጫወቱ ወጣቶች ይከፈት። ፈንድቃን ያቆሙት፣ ጃዝአምባ ላይ የተጫወቱት ሰዎች አብዛኞቹ እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው። ለአምስት ሰው ባንድ ስንት ሜትር መድረክ እንደሚበቃ፣ ጣሪያው የቱ ጋ ቢሆን ማሲንቆ ያለ ማይክ እንደሚሰማ ያውቃሉ። ንድፉ ሳያልቅ ይጠየቁ።